ለቀብርም ፈተና አለው እንዴ?

የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ስለ ፈተና ሲያወራ በሐሳቡ የሚመጣበት ሚድና ፋይናል ነው። አርቆ የሚያስበው ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ያስታውሳል። ከዚያ ያለፈውን «የሐኪም ነው፣ የጠበቃ ነው፣ የሹፌር ነው» ብለን ለሌሎች ትተነዋል። ባለፈው ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን «ሰው ለመቅበርም የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ» ብላቸው ጓደኞቼ በሳቅ ፈነዱ። አንዱማ «ታዲያ ተፈታኙ ከማን ይኮርጃል? ከሟቹ?» አለ። አንዲት ልጅ ግን ሳቋን ስትጨርስ «የምርህን ነው? ለቀብርም ፈተና አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ለዚህ መጽሔት አቆየሁት።

አዎ፣ አለው። ቢያንስ በአሜሪካ አለው። እዚያ አገር የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚ መሆን የሚፈልግ ሰው፣ ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ቢለያይም፣ በአብዛኛው ኮሌጅ ገብቶ ይማራል፣ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሆኖ ልምምድ ያደርጋል፣ ከዚያም ፈተና ይቀመጣል። ይህንን ያወቅኩት የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ሆና ለዚሁ ፈተና ስታጠና ጥያቄ አንባቢዋ እኔ ስለሆንኩ ነው። እሷ ከሥራ ገብታ እራት በልታ ለጥናት ስትቀመጥ እዚያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። የዶርም ልጆች እንዳይነቁ ኮሪደር ላይ ወጥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ የላከችልኝን ጥያቄ በቴሌግራም አነብላታለሁ። አንድ ጠዋት የሕንፃው ዘበኛ ጆሮውን ጣል አድርጎ ከቆየ በኋላ «አንተ ልጅ፣ የሜዲሲን ተማሪ ነህ እንዴ?» አለኝ። «ጋዜጠኝነት ነው» ስለው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ሙያ ውስጥ እንዴት እንደገባች ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሷት ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የገባችው ብዙ ያገሯ ልጆች እንደሚያደርጉት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ያውም የሌሊት ፈረቃ። አንድ ሌሊት ትንከባከባቸው የነበሩ አሮጊት አረፉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አስከሬኑን የሚወስደው ሰው መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከራባት አስሯል። የአሮጊቷን ስም ጠየቃት። ከዚያ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብሎ በስማቸው ጠርቷቸው «አሁን ላነሳዎት ነው» አላቸው። ይህንን ስትነግረኝ ሁልጊዜ የምታነሳው አንድ ጥያቄ አላት፦ «እስቲ በሞቴ፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ማን ያየዋል? ለማን ብሎ ነው ከራባት ያሰረው?»

በነጋታው ስለ ሙያው ማጠያየቅ ጀመረች። በዓመቱ ኮሌጅ ተመዘገበች።

ፈተናውን እንመልከት። በአገሪቱ በአብዛኛው የሚሠራበት የብሔራዊ ቦርድ ፈተና ይባላል። የሚያዘጋጀውም የየስቴቱን ፈታኝ ቦርዶች ያቀፈ አንድ ጉባኤ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አርትስና ሳይንስ። እያንዳንዱ 170 የምርጫ ጥያቄዎች ይዟል። ከ170ው ውጤት የሚያዝባቸው 150ዎቹ ናቸው፤ የቀሩት 20 ለወደፊት የሚሞከሩ ሲሆኑ ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ማለፊያው 75 ነው። በዚህ ላይ ብዙ ስቴቶች የራሳቸውን ሕግ የሚመለከት ሌላ ፈተና ይጨምራሉ።

«አርትስ» ሲባል ሥዕል እንዳይመስላችሁ። ስለ ሐዘን ሥነ ልቦና አለበት፤ ስለ ልዩ ልዩ ሃይማኖቶች የቀብር ሥርዓት አለበት፤ ስለ ውል፣ ስለ ሂሳብ አያያዝ፣ ስለ ቀብር ሕግ አለበት። ለምሳሌ በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ «ፊውነራል ሩል» የሚሉት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ቀብር አስፈጻሚው ዋጋውን በዝርዝር ጽፎ ለጠየቀው ሁሉ መስጠት አለበት። በስልክ ለጠየቀም መናገር አለበት። ቤተሰብ ሳጥን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ቢያመጣ «አልቀበልም» ማለት አይችልም። አስከሬን በመድኃኒት ማቆየትንም፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ሕግ እንደማያስገድድ መናገር ግዴታው ነው። እነዚህን ከእሷ ጋር ስንደጋግም እኔም በቃሌ ያዝኳቸው።

ሳይንሱ ነው መከራው። አናቶሚ፣ ኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ የበሽታ ጥናት፣ በዚያ ላይ አስከሬን እንዳይፈርስ በመድኃኒት የማዘጋጀት ዕውቀት። የትኛው ደም ቅዳ ተከፍቶ ፈሳሹ እንደሚገባ፣ በየትኛው ደም መልስ ደሙ እንደሚወጣ፣ ሟቹ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመምተኛ ከነበረ የመድኃኒቱ መጠን ምን እንደሚሆን... አንብቤ አንብቤ አንዳንዴ ቁርስ ይዘጋኛል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የተጎዳ ፊት የሚጠገንበት ትምህርት ነው። በመኪና አደጋ ወይም በበሽታ የተበላሸን ፊት በሰምና በቀለም መልሶ የሟቹን መልክ ማስያዝ ማለት ነው። የፊት ልክ አለው። ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ፣ ከአፍንጫ ግርጌ እስከ አገጭ ሲለካ ሦስቱም ወደ እኩል ይጠጋል። የጆሮ ቁመት ደግሞ ከአፍንጫ ቁመት ጋር ይቀራረባል። ይህን ባነበብኩ ቀን ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምሩ እኔ የፊት ረድፍ ተቀማጮችን ጆሮና አፍንጫ እያስተያየሁ ዋልኩ። እሷ ግን በዚህ አትቀልድም። «እናት ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው ‹ይሄ ልጄ አይደለም› እንዳትል ነው የምንማረው» ትለኛለች።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። አክስቴ ለእድር ጓደኞቿ «ልጄ ሄልዝ ነው የምትማረው» ትላለች። ውሸት አይባልም፤ እውነትም አይደለም። ልጅቷ መጀመሪያ የነገረቻት ጊዜ ስልኩን ዘግታ ሁለት ቀን አላነሳችም። ሦስተኛው ቀን አንስታ «ውቅያኖስ ተሻግረሽ ሬሳ?» አለቻት። ቀጥላ ደግሞ «ማን ያገባሻል?» እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ውድ አንባብያን፣ «ያልተማረች የአገር ቤት ሴት ሬሳ ፈርታ ነው» ትሉ ይሆናል። እንዲያ አይደለም። አክስቴ ሬሳ አትፈራም። በሰፈራችን ሴት ስታርፍ ሌሊትም ቢሆን በሯ ይንኳኳል። ውኃ ታሞቃለች፣ ታጥባለች፣ ዓይን ትከድናለች፣ አገጭ ታስራለች፣ ነጠላ ታለብሳለች። አያቴንም ያጠበቻት እሷ ናት። ልጇ በኮሌጅ ከምትማረው ከፊሉን እሷ ያለ መጽሐፍ ሠላሳ ዓመት ሠርታዋለች። ታዲያ ያሳፈራት ምኑ ነው? አንድ ቀን ቡና ስታፈላ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ሳጥብ ማን ከፈለኝ?» አለችኝ። «ሬሳ አጥቦ ገንዘብ ይቀበላሉ እንዴ?»

ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። በእኛ ዘንድ ቀብር የሥራ ዘርፍ ሳይሆን ዕዳ ነው። ዛሬ አንተ ትሸከማለህ፣ ነገ አንተን ይሸከሙሃል። እድር የቆመው በዚህ ላይ ነው። በየወሩ የምትከፈለው መዋጮ ለድንኳኑ፣ ለወንበሩ፣ ለድስቱ፣ ለሟች ቤተሰብ ለሚሰጠው ገንዘብ ናት። ዋናው ክፍያ ግን በእግር ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ወይም ስልክ ሲደወል ትወጣለህ፤ ትቀብራለህ፤ ስም ሲጠራ «አቤት» ትላለህ። ከቀረህ ትቀጣለህ። ደጋግመህ ከቀረህ ስምህ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ «ቀባሪ የሌለው» መባል በእኛ አገር እርግማን ነው።

እንግዲህ እድርተኛው ማንም ፈተና ሰጥቶት አያውቅም። ቢሆንም ሲፈተን ነው የሚኖረው፤ ፈታኙ ጎረቤት ነው። አክስቴን «እንዴት አድርጋ ታጥባለች? የሟች ገመና ትጠብቃለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቦርድ የለም። ያየችውን ለማንም እንደማታወራ ሰፈሩ በሠላሳ ዓመት አረጋግጧል፤ ስለዚህ ነው በሯ የሚንኳኳው።

አሜሪካኖች ይህ ሁሉ ፈተና ለምን አስፈለጋቸው? የእነሱም ቀብር ድሮ እንደኛው የቤተሰብና የጎረቤት ሥራ ነበር። ነገሩን ከለወጡት አንዱ ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነታቸው ነው። ልጆቻቸው ከቤት ርቀው አለቁ። ቤተሰብ አስከሬን በባቡር መልሶ ለማምጣት ፈለገ። በዚህ ጊዜ አስከሬን በመድኃኒት እናቆያለን የሚሉ ሰዎች ጦሩን ተከትለው ድንኳን ተከሉ። አንዳንዶቹ ሐዘንተኛውን በገንዘብ አስጨነቁት፤ አቤቱታ በዛ። በመጨረሻ በ1865 የጦር ሚኒስቴሩ እነዚህ ሰዎች ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ ትእዛዝ አወጣ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገድሎ አስከሬኑ በመድኃኒት ተዘጋጅቶ ከዋሽንግተን እስከ ስፕሪንግፊልድ በባቡር ሲሄድ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ አየው፤ ሙያውም በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በ1894 ቨርጂኒያ ለዚህ ሥራ የፈቃድ ሕግ በማውጣት ከስቴቶቹ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ልብ በሉ፤ ፈቃዱ የመጣው ሬሳው በማያውቁት ሰው እጅ ሲወድቅ ነው። ጎረቤት ሲጠፋ ወረቀት መጣ።

ወረቀቱም ብቻውን አልበቃም። እኛ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልናውቃት የሚገባ አንዲት ጸሐፊ አለች፤ ጄሲካ ሚትፎርድ። በ1963 እ.ኤ.አ. «ዘ አሜሪካን ዌይ ኦፍ ዴዝ» የሚል መጽሐፍ አወጣች። ፈቃድ ያላቸው፣ ከራባት ያሰሩ ቀብር አስፈጻሚዎች ሐዘንተኛን ውድ ሳጥንና የማያስፈልግ አገልግሎት እንዴት እንደሚያስገዙት በምርመራና በቀልድ ዘረዘረችው። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ብዙ ክርክርም አስነሳ። ቅድም ያነሳሁት የ1984 ደንብ እንዲወጣ ግፊት ካሳደሩት መካከል እሷ ትጠቀሳለች። ዛሬ የአክስቴ ልጅ ለፈተና ከምታጠናቸው ሕጎች አንዱ በከፊል የጋዜጠኛ ልፋት ፍሬ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራት «አሁን ገና ትምህርትህ ጥቅም እንዳለው ገባኝ» ብላ ቀለደችብኝ።

ፈተናውን እንደ ቅዱስ ነገር እንዳላየው ያደረገኝ ሌላ ታሪክም አለ። በሉዊዚያና የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም የቤኔዲክት መነኮሳት ለራሳቸው መቀበሪያ ቀላል የእንጨት ሳጥን ይሠሩ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ ገቢ እንዲሆን ለሕዝብ መሸጥ ጀመሩ። የስቴቱ ቦርድ ግን «ሳጥን መሸጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው ቀብር አስፈጻሚ ብቻ ነው» አላቸው። መነኮሳቱ ሣጥን ለመሸጥ ልምምድ አድርገው፣ ፈተና ተፈትነው፣ 30 ሰው የሚይዝ የሽኝት ክፍልና አስከሬን ማዘጋጃ ሊኖራቸው ነው! አስቡት፤ ለአራት ማዕዘን እንጨት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2013 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመነኮሳቱ ፈረደ። የነጋዴን ገበያ ከውድድር መጠበቅ ብቻውን ለሕግ በቂ ምክንያት አይሆንም አለ። ፈቃድ ሕዝብን ሊጠብቅ ይወጣና ባለፈቃዱን ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው።

«እንግዲያው ፈተናው ይቅር» ለሚል ደግሞ ኮሎራዶ አለች። ይህች ስቴት ከሌሎቹ በተለየ ለብዙ ዓመታት ቀብር አስፈጻሚዎችን ፈቃድ አትጠይቅም ነበር። በጥቅምት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ፔንሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንድ ሕንፃ መጥፎ ሽታ መጣ ተብሎ ሲፈተሽ ወደ 190 የሚጠጉ አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። ቤተሰቦቻቸው ተቃጥለዋል ተብለው «አመዳቸውን» ተቀብለው ነበር። ለአንዳንዶቹ የተሰጠው ዱቄት ግን ደረቅ ኮንክሪት ነው። ሰዉ ለዓመታት ኮንክሪት አቅፎ አልቅሷል። በ2024 ስቴቱ ሕግ አወጣ፤ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሙያው የሚገባ ሰው የጀርባ ማጣሪያ፣ ትምህርት፣ ልምምድና ያንኑ ብሔራዊ ፈተና እንዲያልፍ ይጠይቃል።

ይህንን ለአክስቴ ልጅ አንስቼ «ቆይ፣ 170 ጥያቄ የመለሰ ሰው አይዋሽም እንዴ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ይዋሻል» አለች። «ግን ፈቃድ ካለህ የምትነጠቀው ነገር አለህ። በርህን ከፍቶ የሚያይ መርማሪ አለ። እናቴ ብትዋሽ የምትነጠቀው ስሟን ነው፤ እኔ እዚህ ስም የለኝም፤ ማንም አያውቀኝም። ወረቀቱ ስሜ ነው።»

ለእኔ የጥያቄው መልስ እዚህ ላይ ነው። ፈተናው የሚተካው እድርን አይደለም፤ እድር ሲጠፋ የሚፈጠረውን ባዶ ቦታ ነው። የሚተካውም በከፊል ብቻ ነው። ማይክሮቡን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከራባት ታስሪያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። አዲስ አበባ ውስጥ ሣጥን፣ መኪናና አበባ የሚያቀርቡ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች አሉ። ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ከግድግዳው ማዶ የሚኖረውን ሰው ስም የማናውቅ ስንቶች ነን? ቅጣቱን ከፍሎ ከቀብር የሚቀር እድርተኛ በየሰፈሩ አለ። የማያውቀን ሰው ሊቀብረን ሲመጣ ምን ብለን እንጠይቀዋለን? ርዕስ ለቸገራችሁ የፊቸር ራይቲንግ ተማሪዎች ይኸው ርዕስ።

አክስቴ ዘንድ ግን ነገሩን የለወጠው የእኔ ትንታኔ አልነበረም። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ወንድም አሜሪካ አረፈና አስከሬኑ ወደ አገር ቤት መጣ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በሥርዓቱ መዘጋጀቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ ከተላላፊ በሽታ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤ፣ የኤምባሲ ማረጋገጫ... እነዚህን ሁሉ እዚያ የሚያሟላው ቀብር አስፈጻሚው ነው። እኛም እድርተኛው ሁሉ ቦሌ ሄደን ተቀበልን፤ ለቅሶ ቤት ሣጥኑ ተከፈተ። ሰውየው ከታመሙ ቆይተዋል፣ ከሞቱም አሥር ቀን አልፏቸዋል፤ ግን ፊታቸው የራሳቸው ነው፣ የተኙ ይመስላሉ። ነጭ ነጠላ ደረታቸው ላይ ተጣጥፏል። እህታቸው አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት፣ ሴቶቹ መካከል አንዲት ባልቴት «እሰይ፣ የእናት እጅ ነው የነካው» አሉ። ቀጥለውም «ማን አጠበው ይሆን እዚያ ሰው አገር?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልመለሰም። አክስቴም አልመለሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሣጥኑን ታያለች።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም ብላ «ፈተናው መቼ ነው የምትለው?» አለችኝ። በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያለውን ሁሉ ነገርኳት፦ አርትሱን አልፋለች፣ ሳይንሱን ግን 71 አምጥታ ወድቃለች፣ እንደገና ልትቀመጥ ነው። «በአራት?» አለች። «በአራት ነው የጣሏት?» ልጇ ላይ ግፍ የተሠራ ያህል ተቆጣች።

በሳምንቱ የንስሐ አባቷን አማከረች። እሳቸውም ረጅም ስብከት አልሰበኩም፤ «ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ምን ሠሩ?» ብለው ብቻ ጠየቋት። የጌታን ሥጋ ከመስቀል አውርደው በሽቱ የገነዙት እነሱ መሆናቸውን ማን የማያውቅ አለ? «ጦቢትስ?» አሏት። ጦቢት በሰው አገር በስደት ሳለ ቀባሪ ያጡ ወገኖቹን የሚቀብር ሰው ነበር። «በሰው አገር» የሚለው ነገር አክስቴን ነካት መሰለኝ። ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

አሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ሦስት ሆኗል። አክስቴ ከቤት ትገባለች። እንግሊዝኛው ስለማይገባት እኔ ጥያቄውን ለልጇ ካነበብኩ በኋላ በአማርኛ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ጥያቄው ሰውነት ከሞት በኋላ ስለ መድረቁ ነበር። ልጅቷ ኬሚስትሪውን ስትተነትን ቆይታ ሰዓቱ ተምታታባት። አክስቴ ከዚህ ማዶ «ኧረ እሱ ልብስ ለማልበስ ሲያስቸግር አይደል? ከዐይንና ከአገጭ ነው የሚጀምረው፤ ለዚህ እኮ ነው ቶሎ የምናስረው!» አለች። ልጅቷ መልሱን ገልጣ አየች። ልክ ነበር። የፊት ጡንቻዎች ቀድመው ይደርቃሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲስቁ ሰማሁ።

ለእድር ጓደኞቿ ነግራቸው እንደሆነ ገና አልጠየቅኋትም። ባለፈው እሑድ ግን አንዷ «ልጅሽ ትምህርቷን ጨረሰች?» ስትላት «አንድ ፈተና ይቀራታል» ብላ መለሰች፤ «ሄልዝ» የሚለውን አልጨመረችም። ሳይንሱ በሚመጣው ወር ነው። ማለፊያው 75። ለጊዜው እየተጠያየቅን ነው፤ ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እነግራችኋለሁ።

ቸር ያሰማን።